ኢንዛይም ሲቆጠብ የጠፋው ኤታኖል

ከሰብል ተረፈ ምርት ኤታኖል በሚያመርት አንድ የሙከራ ጣቢያ፣ የበቆሎ አገዳው በቀጭን አሲድና በእንፋሎት ከተቀቀለ በኋላ በ50 ዲግሪ ሴልሺየስና በ5 ፒኤች ለአንድ ግራም ሴሉሎስ (የተክል ግድግዳ ዋና አካል የሆነ የግሉኮስ ሰንሰለት) 20 ሚሊግራም ኢንዛይም፣ ማለትም ሴሉሎሱን ወደ ስኳር የሚሰብር ፕሮቲን፣ ይጨመርበት ነበር። ስኳሩ ተጣርቶ ሲወጣ በሚቀረው ዝቃጭ ላይ ብዙ ኢንዛይም ተጣብቆ ስለሚቀር፣ የዝቃጩን 60 በመቶ ወደ ቀጣዩ ታንክ መመለስና አዲሱን ኢንዛይም በግማሽ መቀነስ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ዙር ከወትሮው ብዙም አልተለየም። ከዚያ በኋላ ግን ግሉኮሱ እየወረደ፣ ሴሎባዮሱ (ገና ያልተሰበረ የሁለት ግሉኮስ ጥንድ) እየጨመረ ሄደ፤ የማማሰያው ሞተርም ጭነት በዛበት። የፕሮቲን ልኬቱ ታንኩ ውስጥ በቂ ኢንዛይም እንዳለ ስላሳየ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ጥሬ ዕቃው ዞረ። ይህ ልኬት ግን የሚሠራውንም የሞተውንም ኢንዛይም አንድ ላይ ይቆጥራል፤ ከሊግኒን (የተክልን ግድግዳ ከሚያጠነክረው ንጥረ ነገር) የሚወጡ ፊኖሎች የተባሉ ውህዶችም ንባቡን ያዛባሉ። መታየት የነበረበት ኢንዛይሙ ከሴሉሎስ ከተሠራ የማጣሪያ ወረቀት ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚለቀው የስኳር መጠን ነው።

ዋናው ችግር የሊግኒን መከማቸት ነበር። ሊግኒን በኢንዛይሙ አይፈታም፤ ስለዚህ ከዝቃጩ 60 በመቶ በየዙሩ ከተመለሰ በታንኩ ያለው ሊግኒን ውሎ አድሮ ከአዲሱ ጥሬ ዕቃ ጋር ከሚገባው 2.5 እጥፍ ይደርሳል። ጥሬ ዕቃው 25 በመቶ ሊግኒን ቢሆንና ማማሰያው በታንኩ ካለው ክብደት ከ20 በመቶ በላይ ጠጣር ባይችል፣ ለአዲስ ጥሬ ዕቃ የሚተርፈው ቦታ 14.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ያልተፈታው ሴሉሎስ ሲታከል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በዚያ ላይ ሊግኒን አዲሱንም ኢንዛይም ስቦ ያለ ሥራ ይይዘዋል።

ሴሎባዮሱ የጨመረበት ምክንያት ሌላ ነው። ሴሎባዮስን ወደ ግሉኮስ የሚሰብረው ቤታ-ግሉኮሲዴዝ ከሴሉሎስ ጋር የሚጣበቅበት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ስለሌለው ከስኳሩ ፈሳሽ ጋር አብሮ ይወጣል። ዝቃጩን መመለስ እሱን አይመልሰውም። የተከማቸው ሴሎባዮስ ደግሞ የቀሩትን ኢንዛይሞች ያፍናል፤ በየዙሩ ቤታ-ግሉኮሲዴዝ ለብቻው መሟላት አለበት።

ሒሳቡም ከባድ ነው። ሴሉሎሱ 80 በመቶ ወደ ስኳር ቢቀየርና ስኳሩ 90 በመቶ ቢብላላ ከ1 ኪሎ ሴሉሎስ ግማሽ ሊትር ያህል ኤታኖል ይገኛል፤ ማለትም ለ1 ሊትር 40 ግራም ገደማ ኢንዛይም ይሄዳል። ይህ እጅግ ብዙ በመሆኑ ኢንዛይምን ደግሞ መጠቀም የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዲዛይን ጥናት የኢንዛይም ድርሻ ከኤታኖሉ ዋጋ 16 በመቶ ገደማ ነው። ግማሹን ማዳን 8 በመቶ ያስቀራል፤ ምርቱ በ8 በመቶ ከቀነሰ ትርፉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የስኳር ልወጣው ከ80 ወደ 72 በመቶ ሲወርድ ምርቱ በአንድ አሥረኛ ስለሚያንስ፣ ኢንዛይሙ በግማሽ ተቀንሶም እንኳ አንዱ ሊትር ከበፊቱ 2 በመቶ ያህል ይወደዳል። ጥሬ ዕቃው፣ እንፋሎቱና የመሣሪያው ዕዳ የሚከፋፈሉት ባነሰ ሊትር ላይ ነውና።

የሚመለሰውን ዝቃጭ ወደ 30 በመቶ ማውረድ ሊግኒኑን በ1.4 እጥፍ ላይ ያቆመዋል፤ ለአዲስ ጥሬ ዕቃም 18 በመቶ ቦታ ይተርፋል። በፈሳሹ ውስጥ የቀረውን ኢንዛይም ለማዳን የስኳሩን ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከአዲስ ጥሬ ዕቃ ጋር ማገናኘት ይበቃል፤ አብዛኛው በዚያ ጊዜ ይጣበቃል። የ10 ኪሎዳልተን ሜምብሬን (ከዚህ የሞለኪውል ክብደት በላይ ያለውን የሚያስቀር ደቃቅ ማጣሪያ) ቤታ-ግሉኮሲዴዙንም ጭምር ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ደቃቅ ጠጣር ቶሎ ስለሚደፍነው ፈሳሹ አስቀድሞ በደንብ መጣራት አለበት። ዝቃጩ የሚወሰደው ኤታኖሉ በሙቀት ተንኖ ከሚለይበት ማንጠሪያ በፊት ነው፤ በማንጠሪያው ሙቀት ያለፈ ኢንዛይም አይሠራም። ከዝቃጩ ጋር ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎችም ስለሚመለሱ፣ ፒኤቹ ያለ ምክንያት መውረድ ከጀመረ ያን ዙር መመለስ ትቶ ታንኩን ማጠብ ያስፈልጋል።