ኔጌቲቩን መልስ ከመሰረዛችሁ በፊት

ሰሞኑን የኳድራቲክ ጥያቄዎችን (ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚገባባቸውን፣ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ የሚሰጡትን) እንደገና እየሠራሁ ነው። አሁን የምከታተለው ግን መልሱን ብቻ ሳይሆን፣ ቁጥሩ ስለ ተፈጥሮ ምን እንደሚነግረን ነው።

የታወቀውን ጥያቄ እንውሰድ። 20 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነን ድንጋይ በሴኮንድ 15 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ እንወረውራለን። መሬት የሚደርሰው መቼ ነው? ስበቱን 10 ብለን ስናሰላ 4 እና −1 ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ "ጊዜ ኔጌቲቭ አይሆንም" ተብሎ −1 ይሰረዛል። እኔ እሷን ይዤ ቀረሁ።

ሒሳቡ ከውርወራው 1 ሴኮንድ በፊት ድንጋዩ መሬት ላይ ነበር እያለ ነው። እስቲ እንሞክረው። ከመሬት በሴኮንድ 25 ሜትር ሽቅብ ቢወረወር፣ ከ1 ሴኮንድ በኋላ 20 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ፍጥነቱም 15 ይሆናል። ቁርጥ የእኛው ውርወራ! ለካ ሒሳቡ የሚያውቀው መንገዱን ሙሉውን ነው። እጃችንን አያውቅም። "ከዜሮ ጀምር" የምንለው እኛ ነን።

ሁሌ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። የክፍል ወርድ −6 ሜትር ከወጣ ይጣላል፣ አለቀ።

በጣም የሚደንቀኝ ግን የፊዚክስ ሊቁ የፖል ዲራክ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ለኤሌክትሮን ያወጣው እኩልዮሽ ኔጌቲቭ ኃይል ያለው መፍትሔም ሰጠ። በኳንተም ዓለም (በጥቃቅን ቅንጣቶች ዓለም) ኤሌክትሮን ወደዚያ ሊዘል ስለሚችል ዝም ብሎ መሰረዝ አይቻልም። ዲራክ መጀመሪያ ይህ መፍትሔ የሚጠቁመው ፕሮቶንን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን የአቶም ቅንጣት) ይሆናል ብሎ ነበር፤ ክብደቱ አልገጥም አለ። በ1931 ክብደቱ የኤሌክትሮን፣ ቻርጁ ግን ፖዘቲቭ የሆነ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። በ1932 ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ካርል አንደርሰን ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮችን ፎቶ ሲያነሳ ዱካውን አገኘው። ማግኔት በተገጠመለት መሣሪያው መሃል ላይ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ ብረት ነበር። ቅንጣቱ ብረቱን አልፎ ሲወጣ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ማግኔቱ የበለጠ ያጥፈዋል። ከየት ወደ የት እንደሄደ የታወቀው በዚህ ነው። አቅጣጫው ሲታወቅ ቻርጁም ታወቀ፦ ፖዘቲቭ። ይሄ ነው ፖዚትሮን።

አሁን የያዝኩት ሌላ ጥያቄ ነው። ያው ድንጋይ 40 ሜትር የሚደርሰው መቼ ነው? ድንጋዩ የሚደርስበት ትልቁ ከፍታ 31.25 ሜትር ስለሆነ አይደርስም፤ መልሱም ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፦ ሪያል (ተራ ቁጥር) እና ኢማጂነሪ (የኔጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ያለበት) ክፍል አለው። ግን ሪያል ክፍሉን እዩት፦ 1.5። ድንጋዩ ጫፍ ላይ የሚደርስባት ሴኮንድ ናት። ኢማጂነሪ ክፍሉ ምን እንደሚል ገና እየፈተሽኩ ነው፤ የደረሰበት ካለ ያካፍለኝ።