ክርኔን ያደረቀው ውልቃቱ አልነበረም

ክርኑ ወልቆ ወደ ቦታው የተመለሰለት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ስብራት የሌለበት ውልቃት ከሁለት ወይም ቢበዛ ከሦስት ሳምንት በላይ ታስሮ መቆየት የለበትም። ይህን በጊዜው የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቀኝ እጄን አፌ ዘንድ ለማድረስ ያን ያህል ወራት ባልፈጀብኝ ነበር።

ጉዳቱ የደረሰብኝ በክረምት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምሠራበት ሕንፃ እርጥብ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ በእጄ ተመርኩዤ ስወድቅ ነው። ድንገተኛ ክፍል ራጅ ተነሣሁ፣ ስብራት እንደሌለ ተነገረኝ፣ ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ ክርኔ ወደ ቦታው ተመለሰና በጀሶ ታሰረ። ዘመዶቼ ወጌሻ ዘንድ እንድሄድ ለምነውኝ እምቢ አልኩ፤ ዛሬም ቢሆን ያው መልሴ ነው። እስከዚህ ድረስ የምነቅፈው ሰው የለም።

ነገሩ የተበላሸው ጀሶው ሊወጣ በተቀጠረበት ቀን ነው። በካርዴ ላይ በተጻፈው ቀን ማልጄ ደርሼ ተራ ከያዝኩ በኋላ፣ የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ሐኪሙ ለስብሰባ መሄዳቸውን ነግሮኝ ቀጠሮዬን ወደሚቀጥለው ወር አዛወረው። «ጀሶውን የሚያወጣልኝ ሌላ ሐኪም የለም?» ብለው፣ «ያሰሩት ሐኪም ሳያዩት አይነካም። ደግሞስ ቢቆይ ይጠነክራል እንጂ ምን ይሆናል?» ሲል መለሰልኝ። ተረኛዋን ሲስተር ጠየቅኳቸው፤ እርሳቸውም ወደ ክፍሉ ኃላፊ መሩኝ። ኃላፊው ካርዴን አገላብጠው ካዩ በኋላ አሠራሩ እንደዚያ መሆኑን አስረድተው ወደ መዝገብ ክፍሉ መለሱኝ። ክፉ ቃል የተናገረኝ አልነበረም፤ ሁሉም በትሕትና ወደ ሌላ በር ላኩኝ፣ ጀሶውም ከነክርኔ ወደ ቤት ተመለሰ።

ዛሬም የሚያበሳጨኝ «ቢቆይ ይጠነክራል» የሚለው ቃል ነው። አጥንት ለመግጠም ጊዜ ሊፈልግ ይችላል፤ እኔ ግን የተሰበረ አጥንት አልነበረኝም። በክርን ውስጥ ሦስት መገጣጠሚያዎች በአንድ ከረጢት ተጠቅልለው ይገኛሉ፤ ይህ ከረጢት ከጉዳት በኋላ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይወፍራል፣ ይኮማተራል፣ በተለይም የፊተኛው ክፍሉ ክንድ እንዳይዘረጋ ይይዛል። ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች መካከል እንደ ክርን ቶሎ የሚደርቁት ጥቂቶች ናቸው። ይህ በአጥንት ሕክምና ክፍል ውስጥ የተሰወረ እውቀት አይደለም፤ ቀጠሮ በሚያዛውረው ጠረጴዛ ላይ ግን አልደረሰም፣ ዋጋውን የከፈልኩትም እኔ ነኝ።

ጀሶው በመጨረሻ ሲወጣ ክርኔ (ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ክንድ ዜሮ ዲግሪ ተብሎ ሲቆጠር) ከ90 ዲግሪ ብዙም አልፎ አይታጠፍም፣ ሊዘረጋም 50 ዲግሪ ያህል ይቀረው ነበር። ሐኪሙ ራጁን አይተው «በሥራ ብዛት ይፈታል፤ ውኃ የሞላ ባልዲ እየያዙ ይራመዱ» አሉኝ። የፊዚዮቴራፒ ሪፈር ወረቀት አልጻፉልኝም፤ ወረቀቱ ስለሌለም መሥሪያ ቤቴ የሕክምናውን ወጪ አልሸፈነም። የባልዲውን ምክር እስከ ዛሬ ከብዙ ሰው እሰማለሁ፣ በግልጽም እቃወመዋለሁ። የታመመ ክርን ክብደት ሲጎትተው የፊተኛው ጡንቻ ራሱን ለመከላከል ይበልጥ ይኮማተራል፤ ሰውዬው ክንዱን የሚዘረጋ ይመስለዋል እንጂ ጡንቻውን ከራሱ ጋር እያታገለ ነው።

ከዚያ በኋላ በራሴ ገንዘብ የገባሁበት የመጀመሪያው የሕክምና ቦታ ጉዳቱን አባባሰው። ባለሙያው ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ በሙሉ ኃይሉ ያጥፈው ነበር፤ «ካላመመ አይሠራም» ይለኝም ነበር። ክርኔ አብጦ ይግላል፣ ማታ ማታም ትንሿና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ። መደንዘዙ የመጣው ከክርን አጥንት በስተጀርባ አልፎ ወደ እነዚህ ጣቶች የሚሄደው የኡልና ነርቭ፣ ክርኑ በኃይል ሲታጠፍ ስለሚጫን ነው። ከዚህ የከፋም አደጋ አለ፦ ከከረጢቱ ፊት ለፊት የተኛው ጡንቻ በግድ ሲጎተት ይደማል፣ ደሙ ባለበትም አጥንት ሊበቅል ይችላል። አጥንት የበቀለበት ክርን ደግሞ በእንቅስቃሴ ብቻ አይፈታም። ዘመዶቼ ወጌሻ እንዲያሸኝ ሲገፋፉኝ የፈራሁትን ነገር፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አደረገብኝ። ደግነቱ ራጁ ላይ አዲስ አጥንት አልታየም።

የዳንኩት በሌላ ፊዚዮቴራፒስት እጅ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሴ እጅ። እርሷ መጀመሪያ ክርኔን በዲግሪ መለኪያ ለካችው፣ ቁጥሩን ጻፈችው፣ ከዚያም ክንዴን የማንቀሳቅሰው እኔ እንደሆንኩ ነገረችኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ክንዴን ወደ ላይ አንሥቼ፣ ግንባሬ ወዳለበት በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ እተወዋለሁ፤ ግራ እጄ ደግሞ ይረዳዋል እንጂ አይጫነውም። ጫፉ ላይ ሲደርስ ጡንቻውን ለጥቂት ሰከንድ አጠንክሬ እለቀዋለሁ፣ ያን ጊዜ ትንሽ ይጨምራል። ማታ ክንዴን በተዘረጋበት ልክ የሚይዝ ድጋፍ አስሬ እተኛ ነበር። ልምምዱ አጭር ሆኖ በቀን ብዙ ጊዜ መደጋገም አለበት፤ በሚቀጥለው ቀን የሚያብጥ ክርን ከመጠን በላይ እንደተሠራ ይናገራል። በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ በሰፊው የሚሰጡት ቀይ መብራትና የኤሌክትሪክ ንዝረት ለአፍታ ሕመም ቢያስታግሱ እንጂ ለእኔ አንዲት ዲግሪ አልጨመሩልኝም፤ ለእነርሱ ከመመላለስ ይልቅ ያን ሰዓት ቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እመክራለሁ።

ለዕለት ተዕለት ሥራ ክርን ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ቢንቀሳቀስ አብዛኛው ነገር ይሠራል። እኔ በዚህ ክልል ውስጥ ገብቻለሁ፤ እንጀራ በቀኝ እጄ እጎርሳለሁ፣ የሸሚዜን የአንገት ቁልፍ እቆልፋለሁ፣ ለዚህም በደከምኩት እኮራለሁ። ሊዘረጋ የቀረው ግን 20 ዲግሪ ያህል አለ። ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ማስለቀቅ እንደሚቻል ተነግሮኛል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክርኑ በቀናት ውስጥ መንቀሳቀስ ስለሚኖርበት፣ ቀጠሮ እንደማይዛወርብኝ በጽሑፍ የሚያረጋግጥልኝ ሐኪም ቤት እስካላገኝ ድረስ አልስማማም።