መጥረጊያው ከዛፎቹ ሥር ሲርቅ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በሚገኘው ግቢያችን አንድ ጊሽጣ፣ ሁለት ሎሚና አንድ ፓፓያ አሉን። ከስድስት ዓመት በፊት ጎመንና ቃሪያ ልተክል ስነሣ ግን መሬቱ ዶማ አልቀበል አለኝ። ላዩ እንደ ሸክላ ደርቋል፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ከሥሩ የሚገኘው አሸዋ ደግሞ ያጠጣሁትን ውሃ ወዲያው ስለሚያሰርግ፣ ችግኞቹ የሰኔን ሐሩር አንድ ሳምንት እንኳ አልተቋቋሙትም። ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለካ አፈሩን በየማለዳው በመጥረጊያ ስናራቁተው ኖረናል።

በእኛ ዘንድ የተጠረገ ግቢ የባለቤቱ ክብር ነው። እናቴ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠርጋ በማዳበሪያ ከረጢት ካላስወጣች ቡና ለማፍላት እጇ አይታዘዛትም። ሆኖም ቅጠሉ ለአፈሩ ልብስም ቀለብም ነው። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በሚዘንብባት ቆላማ ከተማ፣ ያልተሸፈነ አፈር ቀን በፀሐይ ይጋገራል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጠብታው የላዩን ደቃቅ አፈር እየመታ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍናቸው፣ ውሃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይጋልባል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ከተማችንን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ የወረደውን ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ሰው፣ ከተራቆተ መሬት የሚሸሽ ውሃ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ማስረዳት አያሻውም።

ቅጠሉን እንተወው ባልኳት ጊዜ እናቴ «ልጄ፣ ሰው የማይኖርበት ግቢ ልታስመስለው ነው እንዴ?» ብላ ተቃወመችኝ። በመጨረሻ ከበሩ እስከ ቤቱ ያለው መተላለፊያና ቡና የምናፈላበት ቦታ እንዲጠረግ፣ የተጠረገው ሁሉ ግን በየዛፉ ሥር እንዲጎዘጎዝ ተስማማን። ጉዝጓዙን አንድ ስንዝር ያህል አወፍረዋለሁ፤ ግንዱ እንዳይበሰብስ ግን በዙሪያው ጥቂት ክፍተት እተዋለሁ።

ብስባሹን የማዘጋጀው በጉድጓድ ነው። በደጋው መሬት ላይ መከመር ይመረጥ ይሆናል፤ በእኛ ሙቀት ግን ክምሩ ሳይበሰብስ ስለሚደርቅ ጉድጓድ እርጥበቱን ይጠብቅልናል። ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያም የወጥ ቤት ልጣጭና አረም፣ ከዚያ የፍየል ፍግ፣ በላዩም ጥቂት አፈር እያነባበርኩ እሞላዋለሁ። በእጄ ጨብጬ ስጨምቀው ጥቂት ጠብታ ብቻ ካወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ብዙዎች አመድ ጨምሩበት ይላሉ። እኔ ግን አልጨምርም፤ ውሃችን በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ኖራ የሚያስቀር ስለሆነ፣ አመድ ያንኑ የኖራነት ባሕርይ ከማባባስ በቀር አፈራችንን አይጠቅመውም። በፍጉ ረገድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮሶፒስ የተባለውን እሾሃማ መጤ ዛፍ ፍሬ የበላች ፍየል ዘሩን ሳትፈጨው ስለምታወጣው፣ ጥሬ ፍግ በበተንኩበት ዓመት ከቃሪያው መደብ እሾሃማ ችግኝ ስነቅል ከርሜያለሁ። አሁን ብስባሹ እጅን የሚያቃጥል ሙቀት አግኝቶ፣ ሁለት ጊዜ ተገላብጦና ቀዝቅዞ የአፈር ሽታ እስኪያመጣ ድረስ አልነካውም። በከተማችን የሚትረፈረፈውን የጫት ገረባ ደግሞ፣ ጫቱ ፀረ ተባይ ሳይረጭበት የተመረተ መሆኑን ካላወቅሁ በስተቀር ወደ ጉድጓዱ አላስገባም።

የነፍሳቱን ነገር የተማርኩት በሠራሁት ስሕተት ነው። ሎሚዎቹን ክሽክሽ፣ የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት፣ ሲወራቸው ከገበያ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ፤ ለአሥር ቀን ያህል ጸዱና ከዚያ ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ተወረሩ። ለካ ከክሽክሹ ጋር የሚበሉትንም ጨርሻቸዋለሁ፤ ክሽክሽ ደግሞ ከበላተኞቹ ይልቅ በፍጥነት ይራባል። በማግስቱ ዓመት አልረጨሁም፤ በየማለዳው ቅጠሉን እየገለበጥኩ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ በጎኗ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባት ትል መሰል ነፍሳት ክሽክሹን አንድ በአንድ ስትለቅም አገኘኋት። ቀደም ሲል ባያት በጣቴ እጨፈልቃት ነበር፤ እሷ ግን የዚያች ልጆች የሚወዷት ነጠብጣባም ቀይ ጥንዚዛ እጭ ናት። ጉንዳኖች የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልጉ እነዚህን ጠባቂዎች ያባርራሉ፤ ስለዚህ መድኃኒት መርጨቱን ትቼ ጉንዳኖቹ በግንዱ እንዳይወጡ ማገድን መረጥኩ።

በጓሮው ጥግ አንገቱ የተሰበረ እንስራ ደፍቻለሁ። ቀን ቀን አንዲት ጉርጥ ከሥሩ ሆዷን በእርጥቡ አፈር ላይ ለጥፋ፣ ጉሮሮዋ ብቻ እየተርገበገበ ትውላለች፤ ሲመሽ ወጥታ ከጎመኑ ሥር ነፍሳት ታድናለች። ከአጥሩ ሥር የተከልኩት እሬት ሲያብብ ደግሞ ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች የአበባውን ማር ሊቀስሙ ይመጣሉ።

ለወፎች ውሃ ማስቀመጥን በተመለከተ ግን አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ የተከሰተባት ከተማ ናት። የሁለቱም በሽታዎች አስተላላፊ ትንኞች በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ይራባሉ። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር በሙቀት አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃት፣ የወፎቹን ገበቴ በየማለዳው ደፍቼ፣ ጠርዙን ፈትጌ በአዲስ ውሃ እሞላዋለሁ። ይህን በየቀኑ ማድረግ የማይችል ሰው ውሃ ባያስቀምጥ ይሻላል።

ባለፈው ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ከእናቴ ጋር በረንዳ ላይ ቆመን ነበር። ከጠረግነው መተላለፊያ ላይ ደፍራሽ ውሃ ወደ በሩ ሲፈስ፣ በጊሽጣው ሥር የወረደው ግን ቅጠሉን ብቻ እያራሰ እዚያው ሰረገ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጎረቤታችን ሊያወጡት ያሰሩትን የቅጠል ከረጢት ተሸክማ ገባችና ከሎሚው ሥር ዘረገፈችው።