አንድ ኮከብ

ከሥራ የወጣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስንከባከብ አድሬ መኪናዬ ውስጥ ገና መቀመጤ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ቤቴን ለእንግዳ በአዳር በማከራይበት መተግበሪያ አዲስ ሪቪው፣ የእንግዳ አስተያየት፣ ገብቷል። ከፈትኩት። አንድ ኮከብ። ከሥሩም ሦስት መስመር፦ ቤቱ የማይታወቅ ሽታ አለው፣ ባለቤቷ ትቆጣጠራለች፣ ለማንም አልመክርም።

ደጋግሜ አነበብኩት። ሽታ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ፊቴ ጋለ። ዕጣን ነው። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከላይ ቤት ቡና አፍልቼ ነበር።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቤቴ ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ የራሱ በር፣ የራሱ መታጠቢያና ትንሽ ኩሽና አለው። ሞርጌጁ፣ የቤቱ ዕዳ፣ ሲከብደኝ ለእንግዳ በአዳር ማከራየት ጀመርኩ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለዚህ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቤቱም ፈቃድ የሚያወጣው ሰው ራሱ የሚኖርበት መሆን አለበት። ስለዚህ እንግዳው ከታች ሲያድር እኔ ከላይ ነኝ። ሽሮዬም፣ ቡናዬም፣ ዕጣኔም ከላይ ነው።

እንግዶቹ የመጡት ማርች መጨረሻ ላይ፣ የዋሽንግተን ቼሪ ዛፎች በሚያብቡበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን የኛ ሰፈር ክፍል ሁሉ ይያዛል፤ በሬድ ላይን ባቡር መሀል ከተማ መግባት ቀላል ስለሆነ። የተያዘው ለሁለት ሰው ነበር። ማታ ግን አምስት ሰው ሻንጣ እየጎተተ ገባ። ወረድኩና በሩ ላይ ቆሜ በትሕትና ጠየቅሁ። «ዛሬ ብቻ ነው» አሉኝ። ሌሊት ነው፣ ይበርዳል፣ ሰው ነው። ተጨማሪ ብርድ ልብስ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ሦስቱንም ቀን አምስት ሆነው አደሩ።

በወጡ ማግስት ክፍሉን ያስያዘው ሰው ደወለ። ግማሹን ገንዘብ ካልመለስኩለት ምን እንደሚጽፍ እንደሚያውቅ ነገረኝ። አልመልስም አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

አሁን የኔን ጥፋት ልናገር። በመተግበሪያው ላይ ባለቤትም ስለ እንግዳ አስተያየት ይጽፋል፤ በዚያው ቀን ማታ ስለነሱ የምጽፍበትን ቦታ ከፈትኩ። አምስት ሆነው እንዳደሩ መጻፍ ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ቤቴ ያደረን ሰው በአደባባይ ማማት ነውር ሆኖ ታየኝ። እኛ ያደግነው እንግዳ ሲሸኝ «ቤታችሁ ይባረክ» ሲል፣ ባለቤቱም «ምን አደረግንላችሁ» ሲል እየሰማን ነው። ወጡ ጨው በዝቶበት ቢሆን እንኳ እንግዳ አይናገርም፤ እንግዳው ብርጭቆ ቢሰብር ባለቤቱ «ምንም አይደል» ይላል። እኔም በዚያ ይሉኝታ «ጥሩ እንግዶች ናቸው፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ከወጣ በኋላ ሁለታችንም ለመጻፍ 14 ቀን አለን። ሁለታችንም እስክንጽፍ ወይም ቀኑ እስኪያልቅ አንዱ የሌላውን አያይም። እሱ እስከ 13ኛው ቀን ቆየ። የኔ «ጥሩ እንግዶች» እና የሱ አንድ ኮከብ አብረው ወጡ።

ለመተግበሪያው ድርጅት አመለከትኩ። ገንዘብ ካልመለስሽ መጥፎ እጽፋለሁ ማለት በደንባቸው የተከለከለ ነው። ማስረጃ ግን ይጠይቃሉ። ያስፈራራኝ በስልክ ነው፣ በጽሑፍ የለም። የአምስቱም ነገር እንደዚያው ሆነ፦ አንቺ ራስሽ «ጥሩ እንግዶች» ብለሽ አመስግነሻቸዋል አሉኝ። ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው።

ስለ ቁጥሩ ልንገራችሁ፤ ይህን ሥራ ያልሞከረ ሰው አንድ ኮከብ ምን ያደርጋል ይላል። 24 ሪቪው ነበረኝ፤ 22ቱ አምስት ኮከብ፣ ሁለቱ አራት። አማካዩ 4.92 አካባቢ ነው። ያቺ አንዷ ስትገባ 4.76 ሆነ። የምርጥ አስተናጋጅ ምልክት የሚሰጠው 4.8 እና ከዚያ በላይ ላለው ነው። ወደ 4.8 ለመመለስ አምስት እንግዳ በተከታታይ አምስት ኮከብ ሊሰጠኝ ይገባ ነበር። ነጥቤ የተመለሰው ጁላይ ላይ ነው። እስከዚያ እንግዳ በገባ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ። ፎጣውን ሁለቴ አጥፌ ሁለቴ እፈታ ነበር።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን ነጥቡ አልነበረም። ዕጣን ማጨስ አቆምኩ። እንግዳ ባለ ቀን ሽንኩርት እንኳ ሳቁላላ መስኮት እከፍታለሁ፣ ያውም በብርድ። በገዛ ቤቴ ተደብቄ መብላት ጀመርኩ። ብዙዎቻችሁ ይህን ስሜት በሥራ ቦታ ምሳ ሲሞቅ ታውቁታላችሁ።

መልስ መጻፍ ይቻላል፤ ከሥሩ ይወጣል። በመጀመሪያው ምሽት የጻፍኩት አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። ብርድ ልብሱን ሳይቀር ቆጥሬበታለሁ። ከኔ በፊት ይህን ሥራ የጀመረች የቤተ ክርስቲያን እህቴ ጋ ደውዬ አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችኝና «ለማን ነው የምትጽፊው? ለሄደው ነው ለሚመጣው?» አለችኝ። አጠፋሁትና ይህን ብቻ ጻፍኩ፦

«ስለመጡ አመሰግናለሁ። ክፍሉ ለሁለት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ አምስት ሰው ሲገባ በሩ ላይ ይህንኑ ተናግሬያለሁ። የላይኛው ፎቅ እኔ የምኖርበት ነው። ቅዳሜና እሑድ ቡና እቆላለሁ፣ ዕጣን አጨሳለሁ። ይህን አሁን ማስታወቂያው ላይ ጽፌዋለሁ።»

ሽታው ወደ ታች መውረዱም እውነት ነው። የማሞቂያው አየር ላይና ታች በአንድ መስመር ነው የሚዞረው። ፊልተሩን ቀየርኩ፤ ቡና ስቆላም ማሞቂያውን ለጥቂት ጊዜ አጠፋለሁ። ሰውዬው ለበቀል ቢጽፈውም ያቺን ነገር ከሱ ተምሬያለሁ። ሌላም ለወጥኩ። እንግዳ ሲደውል አነጋግረዋለሁ፤ ወዲያው ግን የተባባልነውን በመተግበሪያው መልእክት እልክለታለሁ። እንግዳ በወጣ ሰዓት ክፍሉን ፎቶ አነሳለሁ፣ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ መታጠቢያውን።

ማስታወቂያውን አይተው የተዉት ይኖሩ ይሆናል። አንዲት እንግዳ ግን ገና ሳትመጣ የቡናው ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ ወደ ላይ ወጣች፤ ሦስተኛውን ጠጥታ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕጣኑ ተመልሷል።

ባለፈው ወር አንድ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ሲጋራ አጨሰ። መጋረጃውን ሁለቴ አጠብኩት። ማታ ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ እጄ እንደለመደው «ጥሩ እንግዳ» ብሎ ጀመረ። አጠፋሁት። ቀጥሎ እሱን የምታሳድረው የቤት ባለቤት፣ ምናልባት እንደኔ ከሌሊት ሥራ የምትመጣ ሴት፣ ትዝ አለችኝ። «ክልክል መሆኑ ተነግሮት ክፍሉ ውስጥ ሲጋራ አጭሷል» ብዬ ጻፍኩ። ለመላክ ጥቂት ደቂቃ ፈጀብኝ። ላክሁት።