ማሞግራሙ ቀላል ነው፤ ጣጣው ደብዳቤው ላይ ነው

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ቢል ክፍል ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ከኢንሹራንስ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ግን የቤተ ክርስቲያናችንን እናቶችና እህቶች ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ካንሰርን ቀድሞ ለማወቅ የሚነሳውን የጡት ራጅ፣ እንዲነሱ ሳስተባብር ጥቂት ዓመታት አልፈውኛል። «እንዴት ጀመርሽው? እኛም ከተማ እንሞክረው» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም ልጻፈው ብዬ ነው።

ወደዚህ ነገር የከተተኝ አንድ ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙበት መጠን ከነጭ ሴቶች በ5 በመቶ ያህል ያንሳል። የሚሞቱበት መጠን ግን በ38 በመቶ ይበልጣል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ2024 ያወጣው ነው። ያነሰ ይታመማሉ፣ የበለጠ ይሞታሉ። እኔ ቢል ክፍል ስለምሠራ እንዲህ ያለ የማይገጥም ሒሳብ ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም፤ መሐል ላይ የሆነ ነገር ጎድሏል ማለት ነው።

ምክንያቱን ስፈልግ መጀመሪያ ያገኘሁት ስለ በሽታው ዓይነት ነው። ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባል ለሆርሞን መድኃኒት የማይመለስ፣ ፈጥኖ የሚያድግ የጡት ካንሰር አለ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ይታያል። እሺ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ነገር ግን የሆርሞን መድኃኒት በሚሠራበት፣ በደንብ በሚታከመው ዓይነትም ጥቁር ሴቶች የበለጠ ይሞታሉ። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በበሽታው ዓይነት ማሳበብ አይቻልም። ዘግይቶ መታወቅ አለ፣ ሕክምና መዘግየት አለ፣ ኢንሹራንስ አለመኖር አለ፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል አቅም ማነስ አለ።

ደግሞስ እኛ የት ነን? ሐኪም ቤት ፎርም ስትሞሉ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚል አንድ ሳጥን አለ። የአዳማዋም፣ የአክራዋም፣ አያት ቅድመ አያቷ ባልቲሞር የኖሩትም እዚያው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ አንድ ቁጥር ሆነው ይወጣሉ። ሊሳ ኒውማን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የጡት ካንሰር ቀዶ ሐኪም ከጋናና ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ጋር የሠራቻቸው ጥናቶች አሉ። ጋና ውስጥ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ትሪፕል ኔጌቲቭ ሆነው ሲገኙ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይሄ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ ነው። የአገራችን ልጅ የሆኑት ዶክተር አህመዲን ጀማልም በአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሆነው በ2012 ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ምሥራቅ አፍሪካ ተወልደው እዚህ የሚኖሩ ሴቶች ላይ ይሄ ለሆርሞን መድኃኒት የማይመለሰው ዓይነት እዚህ ከተወለዱት ጥቁሮችም ከምዕራብ አፍሪካ ከመጡትም አንሶ እንደሚታይ አሳይተዋል።

ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። የእኛ ሴቶች ካንሰር አብዛኛው በእንክብል የሚያዝ ዓይነት ከሆነ፣ የምናውቃቸውን እነዚያን ሰዎች ለምን ቀበርናቸው? ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከየት እንደመጣሽ የሚጠይቅሽ የለም። መዘግየቱ እኛንም እኩል ይይዘናል፣ እንዲያውም ቋንቋ ተጨምሮበት።

እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ በራሪ ወረቀት በአማርኛ አሳትመን በተንን። ማንም አልደወለም። ከዚያ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሐኪም ጋብዘን ያንን የ38 በመቶ ቁጥር በስክሪን አሳየን። ይሄኛውማ ጭራሽ ባሰ። ሰው ፈራ። «ካልነኩት ተኝቶ ይኖራል፣ ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ያን ቀን በረታ እንጂ አልቀነሰም። ቁጥር ለእኔ ለቢሏ ሴትዮ ነው እንጂ ለሰው አይሆንም።

የሠራው ቡና ነው። ማሞግራም የተነሱ አንዲት እናት፣ ሰው የሚሰማቸው፣ ማኅበር ላይ ቁጭ ብለው «ትንሽ ይጫንሻል፣ ከዚያ ልብስሽን ለብሰሽ ትወጫለሽ፣ የምታነሳሽም ሴት ናት» አሉ። አለቀ። በዚያው ሳምንት ስልኬ መጥራት ጀመረ። እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ሁሉ ጥቃቅን ነው፤ ግን ጥቃቅኑ ነው ሰው የሚያስቀረው። የእኛ ሴቶች ግማሾቹ አረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ሺፍት ናቸው፤ ስለዚህ ቅዳሜ የሚሠራ ቦታ ፈለግኩ። መኪና ያላቸው ልጆች እንዲያመላልሱ አደረግኩ። በዋዜማው በስልክ መልእክት እልካለሁ፦ ዲዮድራንት እንዳትቀቢ፣ ሙሉ ቀሚስ ሳይሆን ከላይና ከታች የተለያየ ልበሺ፣ የኢንሹራንስ ካርድሽን ያዢ። ዕድሜን በተመለከተ ከ2024 ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ምክር ከ40 እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤተሰብ ውስጥ ካለ ግን ቀደም ብሎ ሐኪም ማማከር ነው። ኢንሹራንስ ላለው መደበኛው ምርመራ በሕግ ነፃ ነው። ለሌለው ደግሞ መንግሥት የሚደጉመው ፕሮግራም አለ፣ በየካውንቲው ጤና ቢሮ ይጠየቃል።

መጀመሪያ ላይ ስንት ሰው መጣ የሚለውን ነበር የምቆጥረው። አሁን የምቆጥረው ሌላ ነገር ነው።

ከ100 ሴቶች 10 ያህሉ ከማሞግራም በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ ይጠራሉ። አብዛኞቹ ምንም የለባቸውም፤ ምስሉ ስላልጠራ ነው። ግን ጥሪው በደብዳቤ ነው የሚመጣው፣ በእንግሊዝኛ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ቤት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ፣ ግድግዳው ላይ ካለችው የእመቤታችን ሥዕል ጀርባ የፖስታ ጫፍ አየሁ። የምርመራ ማዕከሉን አርማ አውቀዋለሁ።

«እትዬ፣ ይሄ መቼ መጣ?»

«ከፋሲካ በፊት መሰለኝ። ልጄ አንብቦት ደህና ነው አለኝ። እኔ ግን አላመንኩትም፣ እሷ ትወቅበት ብዬ እዚያ አደረግኩት።»

ፍልሰታ ደርሷል እኮ። ልጁ ገና ኮሌጅ የገባ ነው፤ ስለ እናቱ ጡት የተጻፈ ደብዳቤ አንብቦ ምን ይበል? አልፈረድኩበትም። በሳምንቱ ይዣት ሄድኩ። ሁለተኛ ምስል፣ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር ነበር፣ ትንሽ፣ የሆርሞን መድኃኒት የሚይዘው ዓይነት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው በደንብ እንድታነቡልኝ የምፈልገው። አንደኛ ቢሉ። መደበኛው ማሞግራም ነፃ ነው ብያችኋለሁ፤ ሁለተኛው ምስል ግን የሚመዘገብበት ኮድ ይለያል፣ «ምርመራ» ሳይሆን «የችግር ማጣሪያ» ሆኖ ይገባና እስከ 2025 ድረስ ብዙ ጊዜ ክፍያ ይመጣበት ነበር። ሴትየዋ የመጀመሪያው ቢል ሲደርሳት «በቃ፣ ከዚህ በላይ አልሄድም፣ ልጆቼን ዕዳ ውስጥ አልከትም» አለች። ናሙናው ገና አልተወሰደም ነበር። እዚህ ላይ ሥራዬ ጠቀመኝ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች በሙሉ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የክፍያ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ማመልከቻው ላይ የደሞዝ ወረቀትና የቤት ኪራይ ማስረጃ አያይዘን አስገባን፣ አብዛኛው ተሰረዘ። ማንም አልነገራትም ነበር። ስልክ ያነሳችልን ሠራተኛ ራሷ «እንዲህ ያለ ነገር የለንም» ብላን ኃላፊዋን እስክናገኝ ድረስ ብዙ ጠብቀናል።

ሁለተኛ አስተርጓሚ። ልጅ አስተርጓሚ አይሁን። ሆስፒታሉ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛ በስልክ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል፣ ግን ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ አያቀርቡም። ቀጠሮ ሲያዝ ነው የሚነገረው እንጂ ገብታችሁ አይደለም። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፣ ቤተሰብ «እናታችን እንዳትሰማ» ይላል። እኔ ከዚህ ጋር መታገል አቁሜያለሁ፤ ውጤት ከመምጣቱ በፊት ሴትየዋን ራሷን «ውጤቱ ለማን እንዲነገር ትፈልጊያለሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ «ለእኔ» ነው የሚሉት። «ለታላቅ ልጄ» የምትልም አለች፣ እሱም መብቷ ነው።

ሦስተኛውን በጭራሽ አልጠበቅኩትም። ቀዶ ሕክምናው አለፈ፣ ጨረሩ አለቀ፣ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ለ5 ዓመት ታዘዘላት። ከወራት በኋላ እንክብሎቹን ስቆጥር ትርፍ አለ። ለካ በጾም ቀን አትውጠውም። ጠዋት ውሃ ስለሚያስፈልገው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይና፣ ከዚያ ደግሞ ደክሟት ትረሳዋለች። የእኛን ጾም ቀናት የምታውቁ ቁጠሩት። እኔ ብነግራት አልሰማችኝም፤ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድን፤ አባ ገና ሳልጨርስ «መድኃኒት ጾም አይሽርም፣ ዋጪ» አሏት። በዚያው ተፈታ። ይሄን የሚጠይቅ ሐኪም አላጋጠመኝም፤ ጥቁር ሴቶች የሆርሞን እንክብሉን ቶሎ ያቋርጣሉ የሚል ጥናት ግን ብዙ አለ። እያንዳንዷ ለምን እንዳቋረጠች ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ብዬ አስባለሁ።

ይሄ ሁሉ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን የሚባሉ ጥቁር ቀዶ ሐኪም ሃርለም ሆስፒታል ውስጥ በ1990 የጀመሩት ነገር ነው፤ ታማሚውን ከጥርጣሬው ቀን አንስቶ እስከ ሕክምናው መጨረሻ አብሮ የሚሄድ ሰው መመደብ። ከ1964 እስከ 1986 እዚያ ከታከሙት የጡት ካንሰር ታማሚዎች 5 ዓመት የኖሩት 39 በመቶ ነበሩ። ነፃ ምርመራውና አብሮ የሚሄደው ሰው ከመጡ በኋላ 70 በመቶ ደረሰ። ሰፈሩ ያው ድሃ ሰፈር፣ ሰዎቹም ያው። ደላዌር ደግሞ በክፍለ ግዛት ደረጃ ለትልቁ አንጀት ካንሰር ሞከረችው፦ ነርሶች ሰውን እየደወሉ ያመጣሉ፣ ኢንሹራንስ የሌለው ካንሰር ቢገኝበት ሕክምናውን መንግሥት ይከፍላል። ከ2001 እስከ 2009 ባለው ጊዜ የጥቁሮች ምርመራ ከ48 ወደ 74 በመቶ ወጥቶ ከነጮቹ ጋር እኩል ሆነ፤ የሞቱም ልዩነት ሊጠፋ ትንሽ ቀረው። ዘር አልተቀየረም፤ መንገዱ ነው የተቀየረው።

ስለዚህ አሁን ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዷ ሴት የምጽፈው ሁለት ቀን ነው፣ ደብዳቤ የደረሰበትና የተሄደበት። በሁለቱ መካከል ሦስት ሳምንት ካለፈ እደውላለሁ። ካልተነሳ ቤት እሄዳለሁ። ነገረኛ መባል አለ፣ ለምጄዋለሁ።

ወንዶቹ ግን ገና ናቸው። የፕሮስቴት ካንሰር ጥቁር ወንዶች ላይ ከነጮቹ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይበዛል፣ ሞቱም እጥፍ ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን እዚያ ሳጥን ውስጥ ስንት እንደሆንን ማንም ለይቶ አልቆጠረልንም። እኔ ግን ለእኛ ወንዶች ከዚያ በፊት የሚያስፈራኝ ጉበት ነው። ሄፓታይተስ ቢ አገር ቤት የተስፋፋ ነው፣ ብዙ ሰው ከልጅነቱ ይዞት ሳያውቅ ይኖራል፣ ሳይታይ ቆይቶ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2023 ጀምሮ ማንኛውም አዋቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመርመር ብሏል፤ እንደ እኛ ካሉ አገሮች የተወለዱትን ደግሞ ከዚያ በፊትም ለይቶ ሲጠራ ነበር። አንድ ብልቃጥ ደም ነው። ቫይረሱ ያለበት ክትትልና መድኃኒት አለው፣ የሌለበት ይከተባል። «እኔ ምን አለብኝ?» ይላሉ፣ ኡበር ላይ 14 ሰዓት ተቀምጠው። ለሴቶቹ የሠራው ቡና ለእነሱ እስካሁን አልሠራም፤ ቡና ቤት ድረስ ሄጄ ሞክሬያለሁ፣ ኳስ ካለ ቀና ብሎም የሚያይ የለም። ባልየውን ሚስት እንድትይዘው ማድረግ ብቻ ነው ትንሽ ፍሬ ያሳየው።

የሚቀጥለውን የደም ምርመራ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ እናደርጋለን፤ ነርሶቹን ካውንቲው ይልካል። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ መኪና ያላችሁ፣ ጠዋት ከሌሊት ሺፍት የሚወጡትን የምታመጡልኝ ሰዎች እፈልጋለሁ።