አራት ጣት ያጠረችው መለኪያ

የመኪና ሞተር ዘይት ስለመለካት ሰው ይጽፋል? እኔም አይጻፍም ባይ ነበርኩ። ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ግን እናቴን ደንገጎ አቀበት ላይ አስቁሜ፣ ሞተር ላቃጥል ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለዚህ ልጻፈው።

መኪናዬ ፔጆ 404 ናት። ከአጎቴ ነው የወረስኳት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሳቆማት ሰው አጠገቧ ፎቶ ይነሳል። ፈረንሳዮች ማምረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ሐረር ላይ ግን ታክሲ ሆና ስትሠራ ታገኟታላችሁ። ይቺ ሐረር ያለች ዘመዷ ናት በኋላ ያዳነችኝ።

የጠዋቱ ሥራ ቀላል ነው። የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ የባትሪ ውሃ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፤ በቃ። የሞተር ዘይት ግን በዓይን አይታይም። የምታምኑት ዘይቱ ውስጥ የምትነከር አንዲት ቀጭን ብረት፣ መለኪያዋን ነው።

ነገሩ የጀመረው ዓመታዊ ምርመራ ላይ ነው። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። የሳንቲም ያህል ጠብታ አገኘ። «ዘይት ታፈሳለች፤ አሠርተህ ና» አለኝ። ኮፈን አልከፈተም። መለኪያ አልሳበም። «ታዲያ ዘይቷ ጎድሎ ይሆን?» ስለው «እሱ ያንተ ሥራ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። እውነቱን መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል።

ቤት ገብቼ መለኪያዋን ሳብኩ። ደረቅ። ጠርጌ መልሼ ከተትኩ፣ ሳብኩ። ደረቅ። ሰውየው ልክ ነው ማለት ነው ብዬ አንድ ሊትር ጨመርኩ። አሁንም ደረቅ። ሌላ ሊትር ደገምኩ። ያኔ ጫፏ ላይ ዘይት ብቅ አለ። ደስ አለኝ! የቀረውን ጣሳ ዘግቼ ሻይ ጠጣሁ።

ሞኝነቴን እዩት። 404 የምትይዘው 4 ሊትር ዘይት ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ሊትር ጠፍቶ መሬት ላይ የሳንቲም ያህል ጠብታ ብቻ? ደግሞ መለኪያ ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ ዝቅተኛው፣ አንዱ ሙሉው። በእጄ የያዝኳት ብረት ላይ አንድም ምልክት አልነበረም። አይቻታለሁ። ግን የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ እናቴን ይዤ ለዘመድ ሰርግ ወደ ሐረር ወጣን። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ደንገጎን የወጣ ያውቀዋል፤ መኪናም ሰውም ያስተነፍሳል። ግማሽ ላይ ስንደርስ እናቴ «ልጄ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለች።

«የአይሱዙዎቹ ጭስ ነው እማዬ» አልኳት።

ሁለት ኩርባ እንደሄድን በመስታወት ሳይ ከኋላዬ መንገዱ የለም። ሰማያዊ ጭስ ብቻ። ዳር ይዤ ቆምኩ። መለኪያዋን ስስባት የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ይዛ ወጣች። ሞተሩ ከኋላ በኩል በዘይት ታጥቧል። ድሬ ወዳለ አንድ ጋራዥ ደወልኩ። ሰውየው ሳያይ፣ ሳይነካ፣ «ቴስታታዋ ሄዷል፣ ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቷል፣ አስጎትተህ አምጣት» አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው። በስልክ! የጠራኝን ዋጋ ልተወው።

ውሃ አልነበረም። ዘይት ከመጠን ሲያልፍ ታች የሚሽከረከረው የሞተሩ ዘንግ፣ ክራንኩ፣ ይደርስበታል። እንደ እንቁላል ይመታዋል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ እንደ ዘይት አያለሰልስም። ትርፉ መውጫ ሲያጣ በየጎማ ማሸጊያው ይወጣል፣ ይቃጠላል። ልዩነቱን ዛሬ አውቄዋለሁ። አረፋ ብቻ ከሆነ አሳድራችሁት ይረጋል፣ ዘይቱ ወደ መልኩ ይመለሳል። ውሃ የገባበት ግን ቢያድርም ወተት እንደመሰለ ይቀራል። ቴስታታ ከማስፈታታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ታገሱ። ጋራዦች ይህን አይነግሯችሁም።

እዚያው መቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ሰርጉ እንዳያመልጠን ሞተሩ ሲበርድ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ይህን አታድርጉ። ክራንኩ ኩሽኔታውን አለመብላቱ ዕድል እንጂ ሌላ አይደለም።

ሐረር ፈረስ መጋላ ስንደርስ አንድ ሸምገል ያሉ የ404 ባለታክሲ ጭሱን አይተው መጡ። «ክፈት» አሉኝ። መለኪያዬን ሳቡ፣ የራሳቸውን አመጡ፣ ጎን ለጎን አስተኙት። የኔ አራት ጣት ያጥራል።

«ቀሪው የት አለ?»

«እንጃ ጋሼ።»

«ሆዷ ውስጥ ነዋ አቦ!»

የተሰበረበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። አሮጌ ብየዳ ነበረበት። አጎቴ ይሁን ሌላ፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ሰብሮት አስበይዶታል። ብየዳው ለቆ ጫፉ ወደ ውስጥ ወድቋል። እኔ የምለካው ከዘይቱ በላይ በሚቀር ጉማጅ ነበር።

ከዚያ የመጡት ምክሮች ሁለት ነበሩ። አንዱ መካኒክ ሞተር ይውረድ አለ። ሌላው አዲስ ጫፍ ልበይድልህ አለ። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። ክራንክ አጠገብ የሚንጠለጠል ብረት ላይ ብየዳ አልፈልግም፤ አንዴ አይቼዋለሁ። ዘይቱን በሙሉ አፈሰስኩት። ወደ ስድስት ሊትር ወጣ። በሚተጣጠፍ ሽቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ማግኔት አስሬ በማፍሰሻው ቀዳዳ አስገባሁ። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር የብረት ብናኝ ነው። ቀጥሎም እሱው። ጀርባዬ ከአስፋልቱ ጋር ሊጣበቅ ሲል፣ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ጫፏ ከነሁለት ምልክቷ ወጣች። ጮህኩ። ሰርጉ ላይ እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም።

አዲሷን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ረዥም መለኪያ ገዝቼ ቆርጬ ሠራሁ። ጭንቅላቷ አጠገብ የምትቀመጥበት ማቆሚያ አለ። ርዝመቱ የሚለካው ከዚያ ነው እንጂ ከመያዣው ቀለበት አይደለም። የጋሼን ተውሼ ምልክቶቹን ገለበጥኩ። ግን አላመንኩትም። 3 ሊትር በሚለካ ዕቃ ቀዳሁ፣ ዘይቱ በየቱቦው ይግባ ብዬ ሞተሩን አንድ ደቂቃ አስነስቼ አጠፋሁ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ዘይቱ የነካበትን በሞረድ ጫርኩ። አራተኛውን ሊትር ጨምሬ እንደገና ጫርኩ። አሁን ሁለቱ ጭረቶች ምን ማለት እንደሆኑ እኔ አውቃለሁ።

ብዙ መመሪያ አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ለካ ይላል። እኔ ጠዋት ሳላስነሳት ነው የምለካው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ። የ404 ሞተር ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደል ብሏል። መሬቱ ትንሽ ካዘመመ ንባቡ አብሮ ያዘማል። ሐረር ቁልቁለት ላይ የለካሁትን እስከ ዛሬ አልቆጥረውም።

ምርመራውን አለፍኩ። መርማሪው አሁንም ኮፈን አልከፈተም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። በሊትር የጫርኩት መስመር ከጋሼ ከገለበጥኩት በአንድ ጣት ይለያል። የሳቸውም የሌላ መኪና መለኪያ ነው ማለት ነው። ሐረር ስሄድ ሁለቱን አስተኝቼ አሳየኋቸው። አዩት። ጠረጉት። መልሰው ከተቱት።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ ነው የነዳሁት አቦ» አሉኝ። «እሷም ለምዳዋለች።»