ጋዜጣ አዳዩና ወንድሙ

ቅዳሜ ማታ ልብስ እያጠብኩ የአሜሪካውን የሮክ ባንድ ቫን ሄለንን ከፈትኩ። የመጀመሪያ አልበማቸውን፣ የ1978ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። «ኢረፕሽን» የምትባለው የጊታር ሶሎ ስትደርስ እጄን ከሳሙናው አውጥቼ ቆምኩ። 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ብቻ ናት። ጊታሪስታቸው ኤዲ ቫን ሄለን ቀኝ እጁንም የጊታሩ አንገት ላይ አምጥቶ፣ እንደ ፒያኖ በጣቶቹ ይነካካዋል። ስንት ጊዜ ሰምቼው አሁንም ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስለኛል።

የሚገርመው ግን ኤዲ መጀመሪያ የያዘው ድራም ነበር። ጊታር የሚጫወተው ታላቅ ወንድሙ አሌክስ ነው። ኤዲ የድራሙን ዕዳ ለመክፈል ጋዜጣ ሊያድል ሲወጣ፣ አሌክስ ቤት ቀርቶ ድራሙን ይቀጠቅጣል። ውሎ አድሮ በለጠው። ኤዲም በንዴት ድራሙን ተወለትና ጊታሩን አነሳ።

ይቺ ታሪክ እኔን ትነካኛለች። በመጀመሪያ ደሞዜ ጊታር ገዝቼ ነበር። ሥራ ስውል ታናሽ ወንድሜ ከአልጋዬ ሥር እያወጣ ይለማመድበታል። አንድ ማታ በሩ ላይ ስደርስ፣ እኔ ሦስት ወር የታገልኩትን ዘፈን እንደ ውኃ ሲያፈሰው ሰማሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አስጨረስኩት። እሱ የሚለውጠኝ ድራም አልነበረውም።

እነ ኤዲ ከሆላንድ ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገሩት በ1962 ነው፤ በመርከብ፣ ፒያኖ ይዘው። አባታቸው ያን ሙዚቀኛ ነበር፤ እናታቸው ደግሞ ኢንዶኔዥያ የተወለደች። ፓሳዴና ሲደርሱ አባትየው ጽዳት እየሠራ፣ በጎን ይጫወት ነበር። ልጆቹ ስም ካወጡ በኋላ በ1982ቱ አልበም አንድ ዘፈን ላይ ክላርኔት አስነፉት። ከነዝናቸው ሁሉ እቺ ትበልጥብኛለች።

ስለ ከረሜላውማ ያልሰማ የለም። በኮንሰርት ውላቸው ላይ፣ ከመድረክ ጀርባ ከሚቀርበው ኤም ኤንድ ኤም ውስጥ ቡናማው ተለቅሞ ይውጣ የሚል አንቀጽ ነበር። ጥጋብ ይመስላል አይደል? ድምፃዊው ዴቪድ ሊ ሮት ሲያስረዳ፣ አዘጋጁ ውሉን በደንብ ማንበቡን ማጣሪያ ነበር። መሣሪያቸው ከባድ ነው፤ መድረኩ ካልቻለው ሰው ይጎዳል። ቡናማ ካገኙ ሁሉንም ነገር እንደገና ይፈትሹ ነበር። እኔ በሥራ ቦታዬ ስንት ያልተነበበ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ።

ደግሞ ይቺን ስሙኝ። ኤዲ ለማይክል ጃክሰን «ቢት ኢት» የጊታሩን ሶሎ የተጫወተው በነፃ ነው። ከዚያ የራሳቸው «1984» አልበም ወጣ፤ «ጃምፕ» የዘፈኖቹን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆና መራች። አልበሙ ግን ሁለተኛ ላይ ቀረ። አንደኝነቱን የያዘበት ማን መሰላችሁ? የማይክል ጃክሰን «ትሪለር»። «ቢት ኢት» ያለችበት፣ ኤዲ ራሱ የተጫወተበት አልበም!

ከዚያ በኋላ ንትርክ ነው። ሮት በ1985 ወጣ፣ ሳሚ ሄጋር ገባ፤ ከሱ ጋር የሠሯቸው አራቱም የስቱዲዮ አልበሞች አንደኛ ወጡ። እሱም ሄደ። ጋሪ ሸሮን መጣ፣ አንድ አልበም ሠርቶ ሄደ። ሮት ተመለሰ። ማን ከማን እንደተቀያየመ መቁጠሩ ይሰለቻል፤ ለእኔ የሮት ዘመን ይበልጣል፣ አለቀ። ቤዝ ጊታሩን ለዓመታት የተጫወተው ማይክል አንተኒ እንኳ ቦታውን ለኤዲ ልጅ ለዎልፍጋንግ ለቀቀ፤ ልጁ በ2007 መድረክ ሲወጣ ገና 16 ዓመቱ ነው። ከመጀመሪያው አልበም እስከ መጨረሻው ኮንሰርት ያልተነቃነቁት ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ናቸው። ኤዲ በ2020 በ65 ዓመቱ አረፈ። ባንዱም እዚያው ላይ አበቃ።

ልብሱን ሳላሰጣ ለወንድሜ ደወልኩ። ሁለት ወር ሳንደዋወል ቆይተናል።

«ጊታሬ እንዴት ነው?» አልኩት።

«የቱ ጊታርህ?» አለኝ።